አሥራ ሁለት ያገለገሉ ዱላዎች

ጥቅምት 4

ለውዷ የእህቴ ልጅ፣ ለፍንጭት፤

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና ያግኝሽ። ፈጣሪ የምትቆሚበትን እግር፣ የምትሠሪበትን እጅ ይጠብቅልኝ። እኛ እንደምታውቂን ነን፤ ጣሪያው ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል።

በስልክ ብነግርሽ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ወረቀት ግን ይዘሽው ሱቅ ትገቢያለሽ።

ልጄን ቀጮን ታስታውሻታለሽ? ወደዚያ አገር ስትሄጂ ቀሚስሽን ይዛ አልለቅም ያለችው የስድስት ዓመት ልጅ አሁን ሃያ ሁለት ሞልቷታል። በቁመት እኔን አልፋለች፤ ቅጥነቷ ግን ያው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቦርሳ ስሸከም፣ የሰው ዱላ ስጠግን የኖርኩበት የጎልፍ ሜዳ ለጀማሪዎች አንድ ረዳት አሠልጣኝ ሊቀጥር ነው። ፈተናው የካቲት ላይ ነው። ቀጮ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ሜዳው ላይ ከእኔ ጋር አድጋለች፤ አሳምራ ትመታለች። ችግሩ ተፈታኝ ሁሉ የራሱን ዱላ ይዞ ይቅረብ መባሉ ነው። እስካሁን የምትጫወተው አንዲት ሐኪም ባዋሷት ዱላ ነበር። ሐኪሟ ሥራ ቀይረው ከተማ ለቀቁ፤ ዱላውም ተከትሏቸው ሄደ። በሰው ፈረስ ስንት ዓመት ይጋለባል!

የምትሠሪበት ሆቴል አጠገብ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ መጋዘን አለ ብለሽኝ ነበር። አዲስ ግዢ አልልሽም፤ አዲስ ዱላ የእኛን በር አያውቀውም። ያገለገለ፣ ግን ያልደከመ ፈልጊልን። አሥራ ሁለት ያህል ይበቃታል። አሁን ዝም ብለሽ ያለውን አይተሽ ጻፊልኝ እንጂ እንዳትገዢ።

እናትሽ ብትኖር እሷን ነበር የማስቸግረው። አሁን አንቺ ነሽ የቀረሽኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 16

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ዕድሜና ጉልበት አብረው ይስጥልኝ፤ አንዱ ያለ አንዱ ምን ያደርጋል። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ይቅር ይበሉኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። አንሶላውን ከማድረቂያው ትኩሱን እናወጣና ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፋለን። ከፊቴ የምትቆመውን ሴት ስም ሳላውቅ ዓመት ሞላኝ፤ እጇን ግን በሕልሜም አውቀዋለሁ። የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ እተኛለሁ፤ ስነቃ ቀኑ የለም።

ባለፈው ግን ሄድኩልዎ። ሻጩ ኮፍያውን የማያወልቅ ሽማግሌ ነው። ዱላ ስጠይቀው ወደ አንድ ጥግ ወሰደኝ፤ እንደ ጃንጥላ በበርሜል ተሰክተው ይታያሉ። አንዱን መዝዤ ያዝኩ።

"ልጄ፣ ሌባ ልታባርሪበት ነው?" አለኝ። ዘቅዝቄ ይዤው ኖሯል።

"ለእህቴ ነው፤ ትጫወታለች።"

"ግራኝ ናት ቀኝ?"

አላወቅሁም ጋሼ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ማንኪያ በየትኛው እጇ ትይዝ እንደነበር ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ፤ አልመጣልኝም። እባክዎ ይንገሩኝ።

ቀይ ቦርሳ ውስጥ የተደረደሩ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ ዱላዎች አሉት። ባለቤቱ አንድ ቀን ብቻ ነው የተጫወተባቸው ብሎኛል። ስለ ሌሎቹም ስጠይቀው መልሱ ያው ነው። እዚህ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ተጫውቶ ይተዋል መሰለኝ። ልግዛቸው?

ፍንጭት

ታኅሣሥ 2

ለፍንጭት፤

ደብዳቤሽን እያነበብኩ ሳቅሁም አዘንሁም። የሳቅሁት ዘቅዝቀሽ በመያዝሽ ነው፤ ያዘንኩት ደግሞ መስኮት በሌለው ቤት በመዋልሽ። ብርሃን አያሳጣሽ።

ቀጮ ቀኝ ናት። ያ ቀይ ቦርሳ ግን ይቅርብን። የሚያብረቀርቅ ዱላ አትመኚ፤ መወልወል የትኛውም ሻጭ ያውቃል። ይህን ወረቀት አውጥተሽ እያነበብሽ እይ፤ ባለ ኮፍያው ቢስቅም ይሳቅ።

ፊቱን አስቀድሚ። ኳሱን የሚመታው ብረት ላይ ቀጫጭን የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። ጥፍርሽን በላያቸው ጎትቺ። እያንዳንዱ ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ ዱላው ገና ነው፤ ሸርተት ብሎ ካለፈ ብዙ ኳስ በልቶ ጠግቧል፣ ተዪው። ከታች መሬት የሚነካው ጎኑ ቢጫጫር ግድ የለም፤ መሬት ሳይነካ የኖረ ዱላ የለም።

ዘንጉን ደግሞ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደ ጠመንጃ ከላይ እስከ ታች አነጣጥሪበት፤ ትንሽም ቢሆን ከጎበጠ ያስታውቃል። ዝገት ካየሽ በጨርቅ አሺው። ከለቀቀ እሰየው፤ ጉድጓድ ትቶ ከቀረ ግን ብረቱን በልቶታል። የእጅ መያዣው ጎማ ቢደርቅ አይክፋሽ፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው፣ እቀይረዋለሁ።

ከሁሉም በላይ አንገቱን። ዘንጉ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ከብረቱ ጋር ገጥሞ መቀመጥ አለበት። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ የውስጡ ማጣበቂያ ደክሟል ማለት ነው። መያዣውን በአንድ እጅ፣ ጭንቅላቱን በሌላው ይዘሽ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዢው። ከተንቀሳቀሰ ወይም ድምፅ ከሰጠ ባጠገቡም አትድረሺ። ሌላው ጉድለት ኳስ ያስታል፤ የአንገት ጉድለት ግን ሰው ይገድላል። እና ሁሉንም እይልኝ፣ አሥራ ሁለቱንም፣ አንድ በአንድ።

ያንቺው ባለ ጣጣ አጎት

ታኅሣሥ 29

ለጋሼ፤

በያሉበት ሰላም ይሁኑ። እኔ ደህና ነኝ። ፈረቃዬን ቀይረውብኛል፤ አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የምንቆመው፣ ግን ይለመዳል ይላሉ።

ዱላዎቹን ገዛሁ! ባለ ኮፍያው ወረቀትዎን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ አይቶ፣ "ምንድን ነው፣ ጸሎት ነው?" አለኝ።

"የአጎቴ ደብዳቤ ነው።"

"አጎትሽ ጠበቃ ነው እንዴ?"

"ዱላ ጠጋኝ ነው" ስለው ከጓሮው ክፍል ሌላ ቦርሳ ጎትቶ መጣ። የአንዲት ረጅም ሴት ነበር አለ። ቦርሳው ደብዝዟል፣ ዚፑም አይዘጋም፤ ዱላዎቹ ግን ኩሩ ናቸው።

በየዱላው ብረት ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ላይ ጥፍሬ ቀጭ ቀጭ አለ። ስምንት ቁጥሩ ጎኑ ተጫጭሯል፤ መስመሮቹ ደህና ናቸው። የሰባቱን ዘንግ አነጣጠርኩበት፣ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ስድስቱ ዝገት ነበረው፤ በቀሚሴ ጫፍ አሸሁት፣ ለቀቀ። ከአሸዋ ውስጥ ኳስ የሚያወጣው ዱላ ቀለበቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ስጠመዝዘው ቂው አለ። "ይሄ አይሆንም" አልኩት ለባለ ኮፍያው፤ ሌላ ቀየረልኝ፣ እሱንም አየሁ። በራሴ ኮራሁ። የቀሩትም ደህና ናቸው። አይቻቸዋለሁ።

የባልደረባዬ ወንድም ወደዚያ ስለሚመጣ ይዞላችሁ ይመጣል። ፊደልዎ ግን ምነው ተለቅ ተለቅ አለሳ? ለእኔ ዓይን አዝነው ነው መሰለኝ።

ፍንጭት

ጥር 21

ለፍንጭት፤

እጅሽ አይንጠፍ። ዱላዎቹ በሰላም ገቡ። ቀጮ ሰባት ቁጥሩን አንስታ እቤት ውስጥ ወዘወዘችው፤ አምፖሉ ለጥቂት ተረፈ። እኔም ጥገና ክፍሌ ወስጄ የእጅ መያዣዎቹን ቀየርኩ፣ አንድ በአንድም ዳሰስኳቸው። ጥሩ መርጠሻል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

አጎትሽ

መጋቢት 6

ለፍንጭት፤

እንደምን ከረምሽ? የካቲት አለፈ፤ ፈተናውም አለፈ። ቀጮ ሰላም ትልሻለች።

ያ ሱቅ የዱላን ጭንቅላት ከዘንግ ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ ማጣበቂያ ካለው አንዲት ትንሽ ቱቦ ላኪልኝ። አይቸኩልም።

አጎትሽ

መጋቢት 27

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። "ፈተናው አለፈ" ብለዋል። ቀጮ አለፈች አላሉም። ከዚያ ደግሞ ማጣበቂያ ጠየቁኝ። ጋሼ፣ እኔ እኮ ማጣበቂያው ለየትኛው የዱላ ክፍል እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ አስቀድሜ የእኔን ልናገር። ሁሉንም አላየሁም።

የዚያን ዕለት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ነው የሄድኩት። እግሬ አብጦ ጫማዬን ፈትቼ ነበር የቆምኩት። ሰባት ያህሉን ዱላ እንደ ነገሩኝ አየሁ። ከዚያ ባለ ኮፍያው መብራቱን በየተራ ማጥፋት ጀመረ። "ነገ ነይ፣ አስቀምጥልሻለሁ" አለኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ነገ የምመጣበት ጉልበት አልታየኝም። የሚቀጥለው ዕረፍቴ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ መንገደኛው ደግሞ በሳምንቱ ይነሣል። የቀሩትን አምስት ዱላዎች ቦርሳው ውስጥ እንደ ቆሙ ላይ ላዩን በዓይኔ ቆጠርኳቸውና "ደህና ናቸው" አልኩ። ለእርስዎም "አይቻቸዋለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ያንን ቃል ስጽፍ እጄ ቆም ብሎ ነበር፤ ገፋሁት።

ምን እንደ ሆነ ይንገሩኝ። የተጎዳ ሰው አለ? ቀጮ ደህና ናት? እባክዎ አይሸፍኑልኝ። ማጣበቂያውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ፍንጭት

ሚያዝያ 15

ለልጄ ለፍንጭት፤

አይዞሽ። የተጎዳ ሰው የለም። ይህን መጀመሪያ አንብቢና ተንፍሺ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሦስት ፈታኞች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ እኔ አጥሩ ጋ ከቦርሳ ተሸካሚዎቹ ጋር ቆሜያለሁ። ቀጮ በዘጠኝ ቁጥር መታች፣ በሰባትም መታች፤ ጭብጨባ ሰማሁ። ከዚያ አምስት ቁጥሩን አወጣች። ስትወነጭፈው እጇ ላይ ዘንጉ ብቻ ቀረ። ጭንቅላቱ በፈታኞቹ አናት ላይ አልፎ ኋላቸው የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ሰበረው። ዋናው ፈታኝ ከነወንበሩ ነው የተገለበጠው።

ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ፣ "ይህን ዱላ ማነው የመረመረው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የሜዳው ጠጋኝ እኔ ነኛ። አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"እኔ ነኝ። አባቴ አላየውም" አለች።

ልጄ፣ እንግዲህ የእኔን ስሚ። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነገሩን ሁሉ በእርጥብ መስታወት በኩል እንደሚያይ ሰው ነኝ። ማየት የማይችል ጠጋኝ ማን ያቆየዋል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ቀጮም አታውቅም ብዬ ነበር። "አባቴ አላየውም" ስትል ድምፅዋን ስሰማ ግን ማወቅዋን አወቅሁ። የላክሻቸው ዱላዎች ሦስት ሳምንት እጄ ላይ ነበሩ። ያን የፀጉር ያህል ክፍተት በጣቴ ፈልጌዋለሁ። ጣቴ ግን የሠራተኛ ጣት ነው፣ ደንዝዟል። ለአንቺም "ዳሰስኳቸው" ብዬ ጻፍኩ እንጂ አየኋቸው አላልኩም። ብልጥ መሆኔ ነበር። አንቺ ደክሞሽ ሳታዪ ቀረሽ፤ እኔ ሳላይ የማይ መሰልኩ። የማን ይብሳል?

በቸልተኝነት ተብሎ ለአንድ ዓመት እንዳትፈተን ጻፉባት። ሁለት ወር ሊሞላ እስኪቃረብ ደብቄው ከረምኩ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ዓይኔን ነገርኩት።

"ለምን ዛሬ?" አለኝ።

"ልጄ የእኔን ጥፋት ተሸክማ ልትኖር ስለሆነ።"

"የእሷ ውሳኔ በዚህ አይነሣም" አለኝ። "የአንተን ቁልፍ ግን መቀበል አለብኝ።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ለቀጮ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? "እኔ ዋሽቼ ያተረፍኩትን አንተ እውነት ተናግረህ አጠፋኸው።" ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነው። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፤ ቃል ግን የለም። ይህንም ደብዳቤ አፍንጫዬ ወረቀቱን እየነካ ነው የጻፍኩት፤ መስመር ከሳተ ይቅር በዪኝ።

አጎትሽ

ግንቦት 4

ለጋሼ፤

የማን ይብሳል ብለው ጠየቁኝ። ሁለታችንም ብዙ ዘመን "ደህና ነኝ" ስንባባል ኖረናል። እኔ ደህና አይደለሁም። የግራ እጄ አንጓ አንሶላ ስይዝ ይከዳኛል፤ ከወር በፊት አለቃዬ አይታኝ ወደ ቁልፍ መስፊያ ክፍል አዛወረችኝ። ክፍያው ያንሳል፤ ግን መቀመጫ አለው፣ መስኮትም አለው። ወንበሩ ላይ በተቀመጥኩ በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ጣለኝ።

ዓይንዎን ሐኪም አይቶት ያውቃል? "ደከመ" ብለው ብቻ ተዉት እኮ። አሁን የሚደብቁት አለቃ የለም፤ ምን ይጠብቃሉ?

ለቀጮ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሐኪም ጋ ይዛዎት እንድትሄድም ለምኛታለሁ። ቢያኮርፉም ይሂዱ። አኩርፎ መሄድ አይከለከልም።

ፍንጭት

ሐምሌ 2

ለእትዬ፤

የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ቀጮ። አባዬ ለጥቂት ሳምንት አትጻፍ አታንብብ ተብሏል፤ አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ በዪ እንዲያ በዪ ይለኛል፣ እኔ ግን የራሴን ነው የምጽፈው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኩርፊያው ሰልችቶኝ እንዴት እንደምጨርሰው ሲጨንቀኝ ነው። አንብቤ እንደ ጨረስኩ "ጫማህን አድርግ" አልኩት። በስንት ቀኔ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። የት እንደምንሄድ እንኳ አልጠየቀኝም።

የዓይን ሞራ ነው እትዬ። ሐኪሟ አይታው "ይህን ያህል ምን ሲጠብቁ ነበር?" አለችው። አባዬ ወለሉን ያያል። የግራውን ቀድደው ሞራውን ገፈፉለት፤ የቀኙ በመስከረም ነው። ከመግባት እስከ መውጣት ወንበር ላይ ተመቻችቼ ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ አልበቃኝም። ለዚህች ለዚህች ነው ሁለት ዓመት ግድግዳ እየዳሰሰ የኖረው።

እኔ ሜዳው ላይ ኳስ መልቀም ጀምሬያለሁ። ኳሱን ለቅሜ ስጨርስ መለማመድ አይከለክሉኝም። ጥገና ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። አምስት ቁጥሩን በላክሽው ማጣበቂያ ራሴ ገጠምኩት፤ የቀሩትንም አንገታቸውን ጠምዝዤ አየሁ፣ ሌላ የላላ የለም። አንቺን አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፣ አሁን የለም።

ትናንት አባዬን መለማመጃው ሜዳ ወሰድኩት። ከአጥሩ ሥር አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ዓይኑን በእጁ ከልሎ አየኝ። አራት ኳስ መታሁ። ዝም አለ። ሌላ ጊዜ አንዱን እንደ መታሁ "ጎበዝ!" ይለኝ ነበር። ኳሴ ወደ ቀኝ እየሸሸች ታስቸግረኛለች፤ ስነግረው "ነፋሱ ነው፣ አንቺ ቀጥይ" ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋስ ነበር።

አምስተኛውን ስመታ ተነሥቶ ቆመ።

"ኳሷን ሳትመቺ ትከሻሽ ቀድሞ ይከፈታል" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ። "ዛሬ ነው ያየሁት።"

ዱላዬን ጥዬ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። በየቀኑ "ጎበዝ" ያለኝ ሰው ኳሷ የት እንደምትወድቅ አያይም ነበር። ልጮኽበት አፌን ስከፍት ቀና ብዬ አየሁት፤ ሁለት እጁን አንጠልጥሎ፣ እንደ ተማሪ ቆሟል። "ፈተናውም ላይ እንዲህ ነበር የመታሽው ይሆናል" አለ ቀስ ብሎ። "ዱላው ባይነቀልም ትወድቂ ነበር ይሆናል።" ይህን ደፍሮ የሚነግረኝ ሌላ ማን አለ? ተነሣሁ። ጀርባዬ ላይ መዳፉን አድርጎ ትከሻዬን ያዘኝ፣ "አሁን" ሲለኝ ብቻ ለቀቅሁ። እስኪመሽ መታን። ከአሥሩ ሦስቱ ቀጥ ብለው ሄዱ።

ዛሬ ክንዴ አልነሣ ብሎኛል፤ ፊደሌ የተበላሸው ለዚህ ነው። እሱ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ "ለፍንጭት የቀረውን ነገ ትጽፊላታለሽ፣ ብርሃኑ እየሄደብን ነው" እያለ ነው። መጣሁ ብዬዋለሁ።

ቀጮ